ለቪዛ የተጻፈ የእድር ደብዳቤ

አንድ ሰው ነበር፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው። በዕድሜው አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ፓስፖርት ያወጣው እንኳ ባለፈው ዓመት ነው። ይህን ታሪክ የነገረኝ ራሱ ነው። "ለሰው ንገርልኝ፤ ስሜን ግን ተወው" ብሎኛል። ስለዚህ እኛ ተካልኝ እንበለው።

ተካልኝ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው። ሚስቱ ከሞተች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። የቀረችው አንዲት ልጅ ናት፤ ማስተዋል ትባላለች። ከስድስት ዓመት በፊት ለትምህርት ወደ ሰሜን አውሮፓ ሄዳ እዚያው ሥራ ይዛለች። እናም ልታገባ ነው። "አባዬ፣ አንተ ካልመጣህ ሰርግ የለም" አለችው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሱም ያንኑ አደረገ። የቱሪስት ቪዛ ለማግኘት መሯሯጥ ጀመረ።

ቪዛ ጠይቃችሁ የምታውቁ እዚህ አላችሁ። እጅ ማውጣት አያስፈልግም፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ያን ጭንቀት ታውቁታላችሁ። በመስኮቱ በኩል ያለው ሰው አያውቃችሁም፤ እናንተም አታውቁትም። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሄዳችሁ በኋላ ትመለሳላችሁ ወይስ አትመለሱም? ይህን ደግሞ በቃል አይቀበልም። በወረቀት ነው።

ፎርም የምትሞላለትና ሰነድ የምትተረጉምለት ረድኤት የምትባል ወጣት ነበረች። "ጋሼ፣ ከአገርዎ ጋር የሚያስተሳስርዎትን ነገር ሁሉ ይዘው ይምጡ" አለችው። "የመጀመሪያ ጉዞዎ ስለሆነ በደንብ ያጣራሉ።"

ይዞ መጣ። የቤት ካርታ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ግብር የከፈለበት ማስረጃ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ልጁ የላከችው የግብዣ ደብዳቤ። ፋይሉ አበጠ። እንቅልፍ ግን አልወስድ አለው። ሰርጉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቪዛ ቢከለከል ሌላ ቀጠሮ የሚገኘው ከሰርጉ በኋላ ነው። የአንድ ልጁን ሰርግ በስልክ ሊያይ ነው ማለት ነው። በዚህ ሐሳብ ሲገላበጥ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለው፤ እድር።

"እንዴት እስከ ዛሬ ረሳሁት?" አለ። "ሃያ ሦስት ዓመት የእድር አባል ነኝ። ከአገሬ ጋር የሚያስተሳስረኝ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?"

አትሳቁበት። እውነቱን ነው። አንድ ሰው በዚህ አገር ሥር መስደዱን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ የሚቀብሩት ሰዎች ማን እንደሆኑ ጠይቁት። የቤት ካርታ ይሸጣል። መኪና ይሸጣል። እድሩን የሸጠ ሰው አይቼ አላውቅም።

ተካልኝ ድሮ የሚኖረው ጉለሌ ነበር። ልጁ በሄደችበት ዓመት ከጉለሌ ራቅ ብሎ ሰሚት የሚባል ሰፈር ቤት ሠርቶ ወጣ። ከእድሩ ግን አልወጣም። እንዴት ይወጣል? ሚስቱ የሞተች ጊዜ ድንኳን የተከሉለት፣ ሬሳ የተሸከሙለት፣ ሦስት ቀን ከጎኑ ያልተለዩት እነዚያ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የወሩን መዋጮ በመደብሩ ሠራተኛ እጅ ይልካል። የእድሩ ሰው ሞቶ ሲደወል ደግሞ ስልኩን የሚያነሳው ሠራተኛው ነው። "ጋሼ፣ ከእድር ነው፤ ቀብር አለ" ይለዋል። ተካልኝም ከሚያየው ደረሰኝ ቀና ሳይል "ቅጣቱን ይያዙልኝ በላቸው" ይላል።

በቀብር ያልተገኘ ቅጣት ይከፍላል፤ ደንቡ ነው። ተካልኝም ይከፍላል። ዕዳ የለበትም። ማን ሞተ ብሎ ግን አይጠይቅም።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ እምሩ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ተካልኝ ሄዶ ነገሩን አስረዳቸው። ጋሽ እምሩ በጥሞና ሰሙት፤ ስለ ልጁ ሰርግም እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ደብዳቤውን ጽፈው፣ ማኅተም መትተው፣ በፖስታ አሽገው ሰጡት። አመስግኖ ወጣ። የታሸገ ነውና አልከፈተውም፤ ሳይውል ሳያድር ለረድኤት ወሰደላት።

ረድኤት ፖስታውን ቀዳ አነበበች። አንብባ ጨርሳ እንደገና አነበበች። "ጋሼ፣ ይሄን እንዳለ ልተርጉመው?" አለችው።

"ምን ሆነ?"

አነበበችለት። እንዲህ ይላል፦ "ለሚመለከተው ሁሉ። አቶ ተካልኝ ላለፉት ሃያ ሦስት ዓመታት የእድራችን አባል መሆናቸውን እንገልጻለን። ወርኃዊ መዋጮ አቋርጠው አያውቁም። ባለፉት ስድስት ዓመታት በአንድም ቀብር ላይ አልተገኙም፤ ቅጣታቸውን ግን በወቅቱ ከፍለዋል። በትብብር መንፈስ የተጻፈ።"

ተካልኝ ፊቱ ደም መሰለ። ደብዳቤውን ነጥቆ በቀጥታ ወደ ጉለሌ ነዳ። ለቀጠሮው የቀረው አምስት ቀን ነው።

"ጋሽ እምሩ፣ ምን ሠራሁዎት? ይሄን ለፈረንጅ አሳያለሁ?"

"ውሸት አለው?" አሉት።

"ውሸትማ የለውም። ግን እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? ጥሩ አባል ነው ብለው ቢያልፉት ምን ነበረበት?"

ጋሽ እምሩ አልተቆጡም። "ተካልኝ፣ ይሄ ማኅተም የኔ አይደለም" አሉት። "የምጽፈው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው። አንተ ሌላ ነገር ካለህ አሳየኝና ልጻፈው።" መዝገቡን አወጡና ፊቱ ዘረጉለት። "እስቲ አብረን እንየው" ብለው በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡለት ጀመር።

"ሰኔ አራት፣ አቶ ደምሴ፤ ተካልኝ፣ ቀሪ። መስከረም ሃያ፣ የወይዘሮ ደጊቱ እናት፤ ተካልኝ፣ ቀሪ። ኅዳር ስድስት፣ የሸማኔው የአቶ ጫንያለው ልጅ፤ ተካልኝ፣ ቀሪ። ጥር ዘጠኝ፣ ወይዘሮ ዘርፌ፤ ተካልኝ፣ ቀሪ። የካቲት..."

"ቆይ" አለ ተካልኝ። "የትኛዋ ዘርፌ?"

ጋሽ እምሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። "ስንት ዘርፌ ታውቃለህ?" አሉት።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ማስተዋል ስለምትባለው ልጅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቷ ስትሞት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ የሚገባ ሰው ነው። ጸጉሯን የሚያበጥሩላት፣ ምሳዋን የሚቋጥሩላት፣ ስታተኩስ አጠገቧ የሚያድሩት በአጥር የሚገናኙት ጎረቤት ነበሩ። እትዬ ዘርፌ። ልጅ የላቸውም። የቅርብ ዘመድም የላቸውም። ልጅቷ በሄደች ጊዜ ከአባቷ ይልቅ ያለቀሱ እሳቸው ናቸው።

ማስተዋል እሁድ እሁድ ትደውላለች። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ "እትዬ ዘርፌ ደህና ናቸው?" ትላለች። ተካልኝም ሁልጊዜ "ደህና ናቸው" ይላል። "ሰላም በልልኝ" ትለዋለች። "እሺ" ይላታል። አንድ ጊዜ "ስልካቸው አይሠራም እኮ አባዬ" ብላው ነበር። "ኔትወርክ ይሆናል" አላት።

ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም። ደህና ናቸው ብሎ አምኖ ነው። ለፋሲካ ሄጄ አያቸዋለሁ ይላል፤ ፋሲካ ያልፋል። ለእንቁጣጣሽ ይላል፤ እንቁጣጣሽም ያልፋል። እትዬ ዘርፌ ከሞቱ አራት ዓመት አልፏቸዋል። እሱ አራት ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ፣ ደህና ናቸው ሲል ኖሯል። የሞቱ ዕለት ተደውሎለት ነበር። ቅጣቱን ይያዙልኝ ብሏል። ተይዞለታል፤ ከፍሏል።

ተካልኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስለ ቪዛው ደብዳቤ መናገሩንም ተወው። "ለልጄ ምን ብዬ ልንገራት?" አለ።

ጋሽ እምሩ የስንት ሰው መርዶ የነገሩ ሰው ናቸው። "መርዶ በስልክ አይነገርም" አሉት። "አገኛታለሁ ካልክ ፊቷን እያየህ ንገራት። ነግረሃትም እንዳትነሳ፤ አብረሃት ተቀመጥ። እስከዚያው ግን ተካልኝ፣ ስትጠይቅህ ደህና ናቸው እንዳትል። እስካሁን ሳታውቅ ነው ያልከው። ከዛሬ በኋላ ግን አውቀሃል።"

እሁድ መጣ። ስልኩ ጮኸ። ማስተዋል ስለ ሰርግ ልብሷ አወራች፣ ስለ አዳራሹ አወራች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ "እትዬ ዘርፌስ ደህና ናቸው?" አለችው።

ምን አለ መሰላችሁ?

"ደህና ናቸው" አለ።

እኔ ይሄን ሲነግረኝ ለምን አልኩት። "ሰርጓን ላበላሽባት?" አለኝ። "በዚያ ላይ ብቻዋን ናት፤ ማን አለላት?" ምክንያቱ አያልቅም። ልማዳችንም ያግዘዋል፤ እኛ ለሐዘን የምናዘጋጀው ሰውን ቀስ አድርገን፣ በሰው ከብበን ነው። መልካም ልማድ ነው። ግን ልብ በሉ፣ መልካሙ ልማድ ራሱ ለሐሰት መደበቂያ ሲሆን እንዴት ያለ ምቹ መደበቂያ ነው! ዝም ማለት ይችል ነበር። ስንገናኝ እንጫወታለን ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ደህና ናቸው አለ።

በቀጠሮው ቀን የእድሩን ደብዳቤ ቤቱ ትቶ ሄደ። መስኮቱ ጋ ደረሰ። ሰውየው ወረቀቶቹን አገላበጠ፤ የኤምባሲው አስተርጓሚ መሐል ቆማለች። ምን ሠርተህ ትኖራለህ? መደብር አለኝ። ለምን ትሄዳለህ? ልጄ ልታገባ ነው። ትመለሳለህ? እመለሳለሁ፤ ቤቴ እዚህ ነው፣ ሥራዬ እዚህ ነው። ሌላ አልጠየቀውም። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፓስፖርቱ ቪዛ ተመትቶበት መጣለት።

የተጨነቀበት ነገር እንዲህ በቀላሉ አለቀ። ደግሞም ኤምባሲው አልተሳሳተም። ያቀረበው ወረቀት ሁሉ እውነት ነው። ካርታው እውነት ነው፣ ፈቃዱ እውነት ነው። ከዚያ ሁሉ ፋይል ውስጥ አንዲት ሐሰት አይገኝም። ሐሰቷ ያለችው አፉ ላይ ነበር፤ እሷን ደግሞ ማንም ፎቶ ኮፒ አላደረጋትም።

ሄደ። ልጁና እጮኛዋ አበባ ይዘው ተቀበሉት። ተቃቀፉ፤ አለቀሱ። ቤቷ ገብተው ምሳ ከበሉ በኋላ ማስተዋል ወደ ጓዳ ገባችና የሱፍ ካፖርት ይዛ ወጣች። ቡናማ ነው፤ ውስጡ ሐር የመሰለ ገበር አለው። "ስትመለስ ለእትዬ ዘርፌ የምታደርስልኝ" አለችው። "ጉለሌ ጠዋት ጠዋት ይበርዳቸዋል። ግን ልኩን ፈርቻለሁ። ከስተዋል ወይስ እንደ ድሮ ናቸው?"

ደህና ናቸው ማለት ቀላል ነው። ከስተዋል ወይ ለሚል ጥያቄ ግን ያየ ሰው ብቻ ነው የሚመልሰው።

ተካልኝ ካፖርቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ማስተዋል ፊቱን አየች፤ የኛ ልጅ ናት፣ ፊት ታነባለች። "ሞተዋል?" አለችው።

"አዎ ልጄ።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ተነስቶ ሊይዛት ሲል፣ "መቼ?" አለችው።

ወገኖቼ፣ መሞታቸውን መናገር ችሎ ነበር። ሞት የሰው ጥፋት አይደለም። "መቼ" የምትለዋ ናት ያቃተችው። ቢሆንም ነገራት። ጥር ላይ አራት ዓመታቸው እንዳለፈ ነገራት። መዝገቡን ነገራት። ቅጣቱን ነገራት። ስለ መጨረሻዋ እሁድ ሳይቀር፣ ምንም ሳይደብቅ ነገራት።

ማስተዋል ብዙ አለቀሰች። በኋላ ግን አባቷን ቀና ብላ አየችውና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ እንዲህ አለችው፦ "አባዬ፣ እዚያ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቅህም እንዲሁ ነው ደህና ናት የምትለው?"

ተካልኝ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሽ እምሩ ነግረህ አትነሳ ብለውት ነበርና አልተነሳም።

ሰርጉ ተደረገ። አባቷ በክብር ቆመ፤ መረቀ። የቪዛው ጊዜ ሳያልፍ አገሩ ተመለሰ፤ ካፖርቱን እናታቸው ሲቀበሩ ላልተገኘላቸው ለወይዘሮ ደጊቱ ሰጠ። አሁን ቀብር ሲደወል ስልኩን ራሱ ያነሳል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ግን አንድ ነገር እንደ ድሮው አልሆነለትም። ማስተዋል ዛሬም እሁድ እሁድ ትደውላለች። እገሌስ ትለዋለች። "ደህና ነው" ሲላት፣ "መቼ አየኸው?" ትለዋለች። በቁጣ አይደለም የምትለው። ታከብረዋለች፣ ትወደዋለች። ቃሉን ብቻውን ግን አትቀበለውም። "ኤምባሲው ከሁለት ሳምንት በኋላ አመነኝ፤ ልጄ መቼ እንደምታምነኝ አላውቅም" አለኝ።

እስቲ አሁን ከእሱ እንውረድለት። ስለ እኛ እንነጋገር።

እናንተስ? ስንቱን ሰው ሳታዩት ደህና ነው ብላችኋል? እናትህ እንዴት ናቸው ስትባል፣ ደህና ናቸው። መቼ አየሃቸው? ያ የታመመው ወንድማችሁ እንዴት ነው ስትባሉ፣ ይመስገን፣ እየተሻለው ነው። ማን ነገራችሁ? እዚህ ከአጠገባችሁ ትቀመጥ የነበረችው እህት ከቀረች ስንት ጊዜ ሆናት? አንዳንዶቻችሁ አሁን ዘወር ብላችሁ ወንበሩን እያያችሁ ነው።

እኔም ከናንተ አልሻልም። ባለፈው ወር አንዲት እናት በር ላይ ያዙኝና "ልጄ በፖሊስ ተይዞብኛል፤ ጸልይልኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ። በሳምንቱ ሲያገኙኝ "እየጸለይክልኝ ነው?" አሉኝ። "እየጸለይኩ ነው እናቴ" አልኳቸው። አልጸለይኩም ነበር። ረስቼዋለሁ። ስሙን እንኳ ረስቼው ነበር። ወደ ቤት ስገባ አፈርኩ፤ ከእሳቸው ይልቅ በእግዚአብሔር ፊት አፈርኩ። በማግስቱ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸውና የልጁን ስም እንደገና ጠየቅኋቸው።

መዋጮ አቋርጠን አናውቅም እንላለን። አሥራቱን እንሰጣለን፣ ለድኻ ይዋጣል ስንባል እናዋጣለን። መልካም። ቅጣት ከፋይ ምእመን ግን አለ። ላልሄደበት ይከፍላል። ላልጠየቀው ይልካል። ከፍሎ ሲጨርስ ደግሞ ዕዳ የሌለበት ይመስለዋል። ጌታ በፍርድ ቀን "ታምሜ ነበር" የሚለን ደረሰኛችንን ሊያይ ነው? መምጣታችንን ሊያይ ነው እንጂ።

ደህና ነው የሚለው ቃል ትንሽ ቃል አይደለም። ምስክርነት ነው። በሰው ሕይወት ላይ መመስከር ነው። ሳያዩ የሚመሰክሩ ሰዎች ሌላ ቦታ ምን እንደሚባሉ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ከእናንተ መካከል "ሰላም በሉልኝ" ተብሎ ያላደረሰ ሰው አለ። ሰላምታው እዚያው ኪሱ ውስጥ ነው ያለው፤ ወር ሆኖታል፣ ምናልባትም ዓመት። ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤት አትግቡ። ስልክም አትደውሉ። ወደዚያ ሰው ደጅ ሂዱና አንኳኩ። በሩን ማን እንደሚከፍትላችሁ ቆማችሁ እዩ።